አስፕሪን፦ ክኒንና የአኻያ ቅርንጫፍ
አዳማ ስሟን ያገኘችው «አዳሚ» ከሚለው የኦሮምኛ ቃል፣ ከቁልቋል ነው ይባላል። የዚህ ነጭ ክኒን ስምም ከተክል የመጣ ነው። ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1899 እ.ኤ.አ. ስሙን ሲያስመዘግብ ሦስት ቁራጮችን ገጣጥሞ ነበር፦ «አ» ከአሴቲል፣ «ስፒር» ስፒሪያ ከሚባል የአውሮፓ እርጥብ ሜዳ አበባ፣ «ኢን» ደግሞ በዘመኑ ለመድኃኒት ስም የተለመደ መድረሻ።

ከክኒኑ አጠገብ ያለው ቅርንጫፍ አኻያ ነው፤ በወንዝ ዳር ይበቅላል፣ ለጥርስ መፋቂያም ይቆረጣል። ሳሊሲን የተባለው ማስታገሻ በ1828 እ.ኤ.አ. የወጣው ከአውሮፓዊ ዘመዱ ቅርፊት ነበር። ሳይንሳዊ ስሙ «ሳሊክስ» የአስፕሪን መነሻ ለሆነው ሳሊሲሊክ አሲድ መጠሪያ ሆነ እንጂ፣ ባለውለታው አኻያ በክኒኑ ስም ውስጥ አልገባም።