ሥልጣን በወረቀት ሲካፈል
(የኤርትራ ፌዴሬሽን አጭር ታሪክ)



ፌዴሬሽን የሚባለው ቃል በየጊዜው ይነሣል። ትርጉሙ ከባድ አይደለም። በአንድ አገር ሁለት ዓይነት መንግሥት ይኖራል፤ አንደኛው የጠቅላላው፣ ሁለተኛው የየክፍሉ። ይህ ያንተ ነው፣ ያ የኔ ነው ተብሎ ሥራው በሕግ ይከፈላል። በአገራችን ይህ ነገር በጽሑፍ ሕግ የተሞከረው ከኤርትራ ጋር በነበረው ፌዴሬሽን ነውና ታሪኩን ባጭሩ አቀርባለሁ።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ኤርትራን ከለቀቀ በኋላ አገሩን እንግሊዞች ያስተዳድሩት ነበር። ከሕዝቡ መካከል ከኢትዮጵያ ጋር እንቀላቀል የሚል ነበረ፤ ነጻነታችንን የሚልም ነበረ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. መካከለኛውን መንገድ መረጠ። ኤርትራ የራሷን አስተዳደር ይዛ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን ትዋሐድ ተባለ። 46 መንግሥታት ደገፉ፣ 10 ተቃወሙ፣ 4ቱ ድምፃቸውን ሳይሰጡ ቀሩ። ፌዴሬሽኑም መስከረም 1945 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

አከፋፈሉ እንዲህ ነበር። የአገር መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭ ንግድና ወደብ ለፌዴራሉ መንግሥት ተሰጠ። የቀረው ሁሉ የኤርትራ ሆነ፤ ይኸውም የውስጥ ፖሊስ፣ የአገር ውስጥ ግብርና የራሷ ባጀት ነው። 68 አባላት ያሉት ምክር ቤት፣ ዋና አስተዳዳሪና የራሷ ሰንደቅ ዓላማ ነበራት። ትግርኛና ዐረብኛ የሥራ ቋንቋዎቿ ሆኑ።

ታዲያ ጉድለቱ ምን ላይ ነው? ፌዴራል የተባለው መንግሥት ለብቻው አልተቋቋመም፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ራሱ ፌዴራል መንግሥት ተባለ። ከሁለቱም ወገን እኩል ሰው የሚቀመጥበት ምክር ቤት ቢታሰብም ሥልጣኑ መምከር እንጂ መወሰን አልነበረም። ጉምሩኩን የሚሰበስበው ፌዴራሉ ነው፤ ድርሻዋን ለኤርትራ የሚያካፍለውም እሱው ነው። በዚህ ሒሳብ የተነሣ ክርክር አልጠፋም። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ እድር ዳኛውም፣ ጸሐፊውም፣ ገንዘብ ያዡም አንድ ሰው ከሆነ፣ መተዳደሪያ ደንቡ ምን ቢያምር አባሉ አቤት የሚለው ለማን ነው?

የሆነውም ይኸው ነው። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ የነበሩት አንዳርጋቸው መሳይ በመጋቢት 1947 ዓ.ም. ለኤርትራ ምክር ቤት ባደረጉት ንግግር፣ ለእንደራሴው ጽሕፈት ቤት የውስጥ ጉዳይና የውጭ ጉዳይ የሚባል ልዩነት እንደሌለ ተናገሩ። የፌዴሬሽን ሥሩ ደግሞ ያ ልዩነት ነው። በዚያው ዓመት ክረምት ዋና አስተዳዳሪው ተድላ ባይሩ ሥራቸውን ለቀቁ። በቦታቸው የተተኩት አስፍሃ ወልደ ሚካኤል የእንደራሴው ምክትል ነበሩና አንድ ሰው በሁለት ወንበር ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ሄደ። በታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. የኤርትራ ሰንደቅ ዓላማ ወረደ። በግንቦት 1952 ዓ.ም. የኤርትራ መንግሥት የሚለው ስም ቀርቶ የኤርትራ አስተዳደር ተባለ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ምክር ቤቱ እንዲዘጋ ተደርጎ ፌዴሬሽኑ አበቃ። ወታደርና ወደብ ከመጀመሪያውም የፌዴራሉ ነበሩ፤ የተጨመረው ፖሊስ፣ ግብርና ሰንደቅ ዓላማ ነው። ለዚህ ትርፍ የተከፈለው ዋጋ ግን ከባድ ነው። በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ የተተኮሰው ጥይት እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. አላቆመም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሁለቱም ወገን የስንቱ እናት ልጅ አለቀ፤ አስከሬን ሳይመጣ ድንኳን የተተከለበት ቤት ብዙ ነው። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ በሕዝብ ውሳኔ ተለየች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 52 ለፌዴራሉ በግልጽ ያልተሰጠውን ሥልጣን ለክልሎች ይተዋል። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎሙን ሥራ በአንቀጽ 62 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል። እንግዲህ ከድሮው የምንማረው፣ ሥልጣን በጽሑፍ መካፈሉ ብቻ እንደማይበቃ ነው። ዳኛው ከሁለቱም ወገን ነጻ ይሁን፤ የገንዘቡ ሒሳብም ለሁሉ ይታይ። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ደንብ ወረቀት ነው።