ፕሮባዮቲክና ፕሪባዮቲክ በዓሣ እርባታ

ፕሮባዮቲክ በበቂ መጠን ሲሰጥ የተቀባዩን ጤና የሚያሻሽል ሕያው ረቂቅ ተህዋስ ነው። ፕሪባዮቲክ ደግሞ ዓሣው ራሱ የማይፈጨው፣ በአንጀቱ ውስጥ ያሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ግን የሚመገቡት ንጥረ ነገር ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው ሲሰጡ ሲንባዮቲክ ይባላሉ። በእርባታ በብዛት የሚሠራባቸው ፕሮባዮቲኮች ባሲለስ፣ ላክቶባሲለስና ፔዲዮኮከስ የተባሉ ባክቴሪያዎች እንዲሁም የዳቦና የቢራ እርሾ ናቸው። ከፕሪባዮቲክ በኩል ኢኑሊንና ከእርሾ ሕዋስ ግድግዳ የሚወጣው ማናን ኦሊጎሳካራይድ ይታወቃሉ።

አጀማመር

በብዙ ጽሑፎች ቀዳሚ ተብሎ የሚጠቀሰው ጃፓናዊው ኮዛሳ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው ጥናት ነው። የባሲለስ ቶዮይ ስፖር (ባክቴሪያው ክፉ ሁኔታን ለመቋቋም የሚይዘው የእንቅልፍ ቅርጽ) በመኖ ሲሰጥ የሎውቴይል የተባለው የባሕር ዓሣ እድገት መሻሻሉን፣ ኤድዋርድሲየላ በተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ የተያዘው የጃፓን ኢል ዓሣ ሞትም መቀነሱን ዘግቧል። ቀዳሚነቱ ግን ያለ ጥያቄ የሚታለፍ አይደለም። ያሱዳና ታጋ እ.ኤ.አ. በ1980 ባክቴሪያ ለዓሣ ምግብም ለበሽታ መከላከያም ሊውል እንደሚችል አስቀድመው ጽፈው ነበር። ሐሳቡ የእነርሱ፣ በመኖ የተደረገው ሙከራ የኮዛሳ ነው ማለት ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ይመስላል። በኢኳዶር የሽሪምፕ ጫጩት ማፍሊያዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ቪብሪዮ አልጊኖሊቲከስ የተባለ ባክቴሪያ በፕሮባዮቲክነት በሥራ ላይ ውሏል። ከቪብሪዮ ወገን በሽታ አምጪ የሆኑ ብዙ ስላሉ ይህ ምርጫ እስካሁን ጥንቃቄን ይጠይቃል።

አሠራር

ጠቃሚው ባክቴሪያ ከበሽታ አምጪው ጋር ለምግብና ለቦታ ይሻማል፤ የሌላውን እድገት የሚገቱ አሲዶችንና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል፤ የዓሣውን የበሽታ መከላከል አቅምም ሊያነቃቃ ይችላል። ከእነዚህ የትኛው እንደሚያመዝን ግን አከራካሪ ነው። ዓሣ በውኃ ውስጥ ስለሚኖር የአንጀቱ ባክቴሪያ ከየብስ እንስሳት ይልቅ ከአካባቢው ጋር በቀላሉ ይለዋወጣል። የተሰጠው ፕሮባዮቲክም መኖው ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ እየመነመነ ይሄዳል። በመሆኑም አንድ ጊዜ መስጠት በቂ አይሆንም።

በቲላፒያ ላይ የተደረጉ ጥናቶች

የናይል ቲላፒያ፣ በአገራችን ቆሮሶ የሚባለው፣ በሰፊው ከተጠኑት ዓሦች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ በወጣ ጥናት ሁለት ባክቴሪያዎችና እርሾ በቲላፒያ ጫጩቶች መኖ ሲነጻጸሩ የተሻለ ውጤት ያሳየው እርሾው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በግብፅ የወጣው ጥናት ደግሞ ባሲለስ ሰብቲሊስና ላክቶባሲለስ አሲዶፊለስ የቲላፒያን የበሽታ መቋቋም አቅም እንዳሻሻሉ አሳይቷል። የሁለቱ ጥናቶች መለኪያ ስለሚለያይ ውጤታቸውን እንዳለ ማወዳደር አይገባም። እነዚህ ጥናቶች የሚመለከቱት እርባታን ነው፤ በኢትዮጵያ ግን የዓሣ ምርት በአመዛኙ ከሐይቆችና ከወንዞች በማጥመድ የሚገኝ ሲሆን፣ እርባታው ገና አነስተኛ ነው።

ፕሪባዮቲክና መጠኑ

ፕሪባዮቲክ ሕይወት የሌለው በመሆኑ ለማከማቸት ይቀላል፤ ይህ ማለት ግን ጉዳት አያደርስም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት 15 በመቶ ኢኑሊን የያዘ መኖ የተመገበው የአርክቲክ ቻር ዓሣ የአንጀት ሕዋሳት ጉዳት ታይቶባቸዋል። መጠኑ ከተለመደው እጅግ ከፍ ያለ ቢሆንም፣ «ተፈጥሯዊ ነው» በሚል ብቻ ለሚጨምሩ አርቢዎች ማሳሰቢያ መሆኑ አያጠራጥርም።

ፈቃድና አጠቃቀም

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ፔዲዮኮከስ አሲዲላክቲሲ የተባለውን ባክቴሪያ ለሳልሞን ወገን ዓሦችና ለሽሪምፕ መኖ ፈቅዷል። ፈቃዱ የሚሰጠው ለአንድ ለተለየ የባክቴሪያ ዘር እንጂ ለወገኑ ሁሉ አይደለም፤ በአንዱ የተገኘ ውጤት ለሌላው ማስረጃ አይሆንም።

መኖ በከፍተኛ ሙቀት ሲጨመቅ አብዛኞቹ ሕያው ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። ስፖር የሚሠራው ባሲለስ ሙቀቱን የመቋቋም ዕድሉ የተሻለ ነው። ላክቶባሲለስን የመሰሉት ግን መኖው ከቀዘቀዘ በኋላ በዘይት ተለውሰው በላዩ ይቀባሉ፤ የተቀባው መኖም በፍጥነት መሰጠት አለበት።