የኑክሊየስ ሽፋን በእንቁላል ኅዋስ ውስጥ እንዴት ይፈርሳል?

ያልበሰለ የእንቁላል ኅዋስ በመጀመሪያው የሚዮሲስ ደረጃ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ በሰው ልጅ ይህ ጥበቃ ከፅንስነት ጀምሮ ለዐሥርት ዓመታት ሊዘልቅ ይችላል። ብስለት መጀመሩ የሚታወቀው የኑክሊየሱ ሽፋን ሲፈርስ ነው። አፈራረሱን ከሁሉ አጥርቶ ያሳየን ግን የባሕር ኮከብ እንቁላል ነው። ኅዋሱ ብርሃን ያሳልፋል፤ የኑክሊየሱም ስፋት 80 ማይክሮሜትር ይደርሳል። በዚያ ላይ የብስለቱን መነሻ ሰዓት ተመራማሪው ራሱ ይወስናል፦ ሃሩዎ ካናታኒና ባልደረቦቹ በ1969 እ.ኤ.አ. ለይተው ያወቁት 1-ሜቲልአዴኒን የተባለው ሆርሞን ከተጨመረ፣ ሽፋኑ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይፈርሳል።

የሆርሞኑን ትእዛዝ የሚያስፈጽመው ሲዲኬ1 ከሳይክሊን ቢ ጋር ተጣምሮ የሚሠራ ኤንዛይም ነው። ማሱይና ማርከርት በ1971 በእንቁራሪት እንቁላል ላይ ያመለከቱት የብስለት አነሣሽም ይኸው ነበር። ኤንዛይሙ በሚያስነሣው የፎስፌት መጨመር ግፊት የኑክሊየስ ቀዳዳዎች ፕሮቲኖች በከፊል ይላቀቃሉ። ፔተር ሌናርት፣ ያን ኤለንበርግና ባልደረቦቻቸው ሃይደልበርግ ላይ በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ መጠናቸው የተለያየ አብሪ የዴክስትራን ሞለኪውሎችን በሳይቶፕላዝሙ ውስጥ ጨምረው ተከታተሉ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንንሾቹ ቀስ በቀስ ወደ ኑክሊየሱ ሰረጉ፤ ትልልቆቹ ውጭ ቀሩ። በሩ ላላ እንጂ ግድግዳው አልተነካም ማለት ነው። ከዚያ በድንገት ከሽፋኑ አንድ ሥፍራ የተነሣ ስንጥቅ እንደ ማዕበል ተስፋፍቶ ኑክሊየሱን በአጭር ጊዜ አዳረሰው።

ይህን ማዕበል የሚገፋው ምንድን ነው? በተራ የሰውነት ኅዋሳት ሽፋኑን ከውጭ ጎትተው ለመቅደድ የሚያግዙት ማይክሮቱቡሎች ናቸው። በዚህ ግዙፍ ኑክሊየስ ግን ኃይሉ የሚመጣው ከውስጥ ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝም ይህ ነው። የሌናርት ቡድን በ2014 እንዳሳየው፣ አርፕ2/3 የተባለው የፕሮቲን ስብስብ ከሽፋኑ ሥር ቅጽበታዊ የአክቲን ቅርፊት ይገነባል። ከቅርፊቱ የሚወጡት ሹል የአክቲን ክሮች፣ በ2020 የወጣው ተከታይ ጥናት እንዳብራራው፣ በሽፋኑና ከሥሩ ባለው የላሚን መረብ መካከል እየገቡ ያለያዩአቸዋል። ድጋፉ የሆነው መረብ አስቀድሞ ይፈርሳል ብሎ የሚገምት አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ መረቡ ግን ሽፋኑ ሲቀደድ ገና እንደቆመ ነው።

የአክቲኑ ቅርፊት እንዳይሠራ ሲታገድ ሽፋኑ አይቆራረጥም፤ ትልልቅ ሞለኪውሎችም ወደ ኑክሊየሱ ለመግባት ይዘገያሉ። ከእንዲህ ያለው ብስለት የሚገኙት እንቁላሎች የክሮሞሶም ቁጥራቸው የተዛባ ነው።