አንዲት ሰከንድና አንድ ድንበር

ኮኪት ቆላ ናት። ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ ሲወርዱ ከመንገድ ዳር የምትገኝ፣ ሰሊጥ አብቃይ መሬት የከበባት ከተማ። ባንድ ወቅት በዚያ ሳልፍ ሻይ ልጠጣ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ቡታጋዙ ላይ የተጣደው ወጥ ገነፈለና ሰማያዊው ነበልባል ድንገት ቢጫ ሆነ።

«ምን አፈጠጥክ ልጄ? ጨው ነው እኮ!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ቢጫውን እያየሁ ያሰብኩት የድንበር ነገር ነበር። ጨውና ድንበር ምን አገናኛቸው? ትሉኝ ይሆናል። ወዲህ ነው ነገሩ።

አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁት እዚያው መተማ ላይ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የሱዳንን ድንበር ተዋዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1903 ደግሞ ሻለቃ ግዊን የተባለ እንግሊዛዊ መሬቱን ቀየሰ። የኢትዮጵያ ተወካዮች አብረውት አልነበሩም። ጣጣው እስከ ዛሬ አልበረደም።

በዚያ ዘመን ምሥራቅና ምዕራብን በኮከብ ለመለካት የሚነሣ ቀያሽ ሁሉ ሰዓት ያስፈልገው ነበር። ምድር በ4 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ትዞራለችና፣ መተማ አካባቢ ሰዓት በአንዲት ሰከንድ ቢሳሳት ልኬቱ 450 ሜትር ያህል ይስታል። የስንት ገበሬ ማሳ መሰላችሁ!

ታዲያ የማይሳሳት ሰዓት ከየት ይምጣ? መልሱ ያን ቢጫ ነበልባል ከሚያበራው ከሶዲየም ዘመዶች ዘንድ ተገኘ። ቡንዘንና ኪርኾፍ የተባሉ ጀርመኖች ነበልባልን በብርጭቆ እየበተኑ ሲመረምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 ሴዚየምን፣ በ1861 ሩቢዲየምን በቀለማቸው ለይተው አወቁ። ሩቢዲየም በ39 ዲግሪ ሙቀት የሚቀልጥ ብረት ነው። የኮኪት ቀትር ይበቃዋል ማለት ነው።

የክራር አንዱ ክር ሲመታ በልክ የተቃኘው ሌላው ክር አብሮ ይርገበገባል። አቶምም እንደዚሁ ለራሱ ቀለም ብቻ ምላሽ ይሰጣል። ችግሩ በተን ውስጥ አቶሞች ወዲያ ወዲህ ስለሚሮጡ ቅኝታቸው መደብዘዙ ነው። የሚመጣው ወደ ሰማያዊ፣ የሚሸሸው ወደ ቀይ ያደላል።

እ.ኤ.አ. በ1976 ጣሊያን አገር ፒዛ ላይ አልዜታ፣ ጎዚኒ፣ ሞይና ኦሪዮልስ በብርጭቆ በታሸገ የሶዲየም ተን ውስጥ ሌዘር ለቀቁ። በሚያበራው ተን መካከል ቀጫጭን ጨለማ መስመሮች ታዩ። የሁለት የሌዘር ቀለማት ልዩነት ከአቶሙ ሁለት ዝቅተኛ የኃይል ደረጃዎች ልዩነት ጋር ልክ ሲገጥም፣ አቶሙ ብርሃን መዋጡን ያቆማል። ቀለማቱ ባንድ አቅጣጫ ስለሚጓዙ የአቶሙ ሩጫ ሁለቱንም እኩል ለማለት በሚቻል መጠን ያዛንፋቸዋል፤ ልዩነታቸው ግን አይነካም ማለት ይቻላል። መስመሩ ጠባብ የሆነው ለዚህ ነው።

ጠባብ መስመር ደግሞ ለሰዓት እንደ ጥሩ ሚዛን ነው፤ ትንሽ ብታዘነብል ያሳብቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካኖች በዚሁ ዘዴ ልቡ የሩዝ ፍሬ የሚያክል የሴዚየም ሰዓት ሠሩ። ስልካችን ያለንበትን የሚነግረን በጂፒኤስ ሳተላይቶች ላይ ባሉ አቶማዊ ሰዓቶች ነው። ብዙዎቹ የሩቢዲየም ናቸው። እነዚህ በሌዘር ፈንታ በመብራት ይሠራሉ፤ የሚያዳምጡት ግን ያንኑ የአቶም ቅኝት ነው። በእነሱ ዘንድ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ስሕተት 30 ሴንቲ ሜትር ነው።

ዛሬ ኮኪት ላይ የቆመ እረኛ እንኳ ስልኩን አውጥቶ የቆመበትን ያውቃል። መሬቱ የማን እንደሆነ ግን አቶም አይነግረውም፤ እሱ የሰዎች ውል ነው። እኔን የሚቆጨኝ ያኔ ሩቢዲየም አለመኖሩ አይደለም። ቀያሹ ሲለካ፣ «ቆይ እስቲ፣ እኔም ልይ» የሚል አንድ የኛ ሰው አጠገቡ አለመቆሙ ነው።

ሻዬን ጨርሼ ስነሣ ነበልባሉ ወደ ሰማያዊው ተመልሶ ነበር።