ጥንታዊት ግብፅን ሃና ላይ ማስተማር

ጥንታዊት ግብፅን ለልጆች የሚያስተምር ሰው ብዙውን ጊዜ ከፒራሚድ ይነሣል። ከፒራሚዱ ወደ ፈርዖን፣ ከፈርዖኑ ወደ ደረቀው ሬሳ። ልጁ ይዞ የሚወጣው የድንጋይ ክምርና የንጉሥ ስም ነው። እህሉን የዘራው፣ ጠላውን የጠመቀው፣ ከብቱን የጠበቀው ሕዝብ የት ገባ? የሚል ጠያቂ የለም። ሣላማጎ ወረዳ፣ ሃና ላይ የሚያስተምር መምህር በዚህ መንገድ ከጀመረ ግን በከንቱ ደከመ ባይ ነኝ። የቦዲና የሙርሲ ልጅ ከእኛ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ይልቅ ለጥንቱ ግብፃዊ ገበሬ ይቀርባልና።

እንዴት ቢባል፣ ወንዙን እንውሰድ። ግብፅ ዝናብ የላትም ማለት ይቻላል። በየክረምቱ የእኛ ደጋ ዝናብ ዓባይን ይሞላዋል፤ ወንዙ ማሳውን ያጥለቀልቅና ጥቁር ደለል ትቶ ይመለስ ነበር፤ ገበሬው በዚያ እርጥብ መሬት ላይ ይዘራ ነበር። ዓመታቸውንም በዚሁ ከፍለውት ነበር፤ የሙላት፣ የቡቃያና የመከር ወራት ብለው። ኦሞስ? እሱም የደጋ ዝናብ ሞልቶት ዳርቻውን ያለብስ ነበር። ውኃው ሲሸሽ ሙርሲውና ቦዲው ማሽላቸውን እዚያው ይዘሩ ነበር። ለሃና ልጅ ይህን ለማስረዳት ሥዕል አያስፈልግም።

የሚገርመው ደግሞ የሰማዩ ነገር ነው። ግብፃውያን ሲርየስ የተባለችው ኮከብ ለሰባ ቀን ያህል ተሰውራ ቆይታ ጎሕ ሲቀድ ብቅ ስትል፣ ሙላቱ ደረሰ ይሉ ነበር። ሙርሲዎች በፈንታቸው ወደ ደቡብ ሰማይ ነው የሚመለከቱት። ኢማይ የሚሏት ኮከብ ማታ ማታ መታየት ስትተው፣ ኦሞ በዳሩ የበቀለውን፣ በዚያው ስም የሚጠራውን ሣር ለመጣል የሚበቃ ያህል ሞልቷል ማለት ነበር። ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ረግልስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ1978 ጽፈውታል። እነሱ እንዳሉት፣ ሙርሲዎች ስንተኛው ወር ላይ እንዳሉ ሁልጊዜ አይስማሙም፤ ይከራከራሉ፤ ክርክሩን በኋላ ወንዙ ይፈታው ነበር። ሳቅ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን ባለ 12 ወሩና ባለ 5 ተጨማሪ ቀኑ የግብፅ መቁጠሪያ (የእኛው ጳጉሜን ከዚያ ነው የመጣችው) በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ከወቅቱ እየሸሸ ሲሄድ፣ የሚከራከሩት ሙርሲዎች ከወቅታቸው አልራቁም።

ከብቱንም እንይ። በጥንቱ የግብፅ መንግሥት ዓመት የሚቆጠረው በከብት ቆጠራ ነበር፤ «ይህን ያህልኛው ቆጠራ የተደረገበት ዓመት» እየተባለ። ሃቶር የተባለችውን አምላክ በላም መልክ ይሥሏት፣ አፒስ የተባለውን ወይፈን ሜምፊስ ላይ ያከብሩት ነበር። የሚወደው በሬ መልክ ስሙ የሚሆንለት የቦዲ ሰው ልጅ ይህን ሲሰማ የሚደነቅ አይመስለኝም።

ታዲያ መመሳሰል ዝምድና ነው እንዳይባል አደራ። በአፍሪካ የተገኘውን ደህና ነገር ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣ የሚያደርግ አሮጌ የቅኝ ገዥዎች ትምህርት ነበር፤ እሱን በግብፅ ስም ማደስ አይገባም። በታችኛው ኦሞ ኪቢሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው የሰው ቅሪት ቢያንስ 230,000 ዓመት ይሆነዋል። ታላቁ ፒራሚድ 4,500 ዓመት ገደማ ነው።

እምነታቸውን በተመለከተ፣ የሟች ልብ በሚዛን ላይ ከማኣት ላባ ጋር ይመዘናል ይሉ የነበረውን ማስተማር ይበቃል፤ ብቻ መምህሩ «ተረት ነው» ብሎ እንዳያልፈው። ልጁ «የአያቴስ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ደግሞ በሣልሳዊ ራምሴስ 29ኛ ዓመት የነገሥታቱን መቃብር የሚሠሩት ሠራተኞች ቀለባቸው ሲዘገይ ሥራ እንዳቆሙ ይነገር። ይህን ከፈርዖኖቹ ዝርዝር ሁሉ አስበልጠዋለሁ።

አስቸጋሪው ነገር ይኸውና። የአስዋን ትልቁ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ውኃ ስለያዘ፣ የዛሬው የግብፅ ልጅ ሙላቱን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ነው። ጊቤ ሦስትም እ.ኤ.አ. በ2015 ውኃ መያዝ ጀምሮ በ2016 መጨረሻ ተመረቀ፤ የኦሞም የየዓመቱ ሙላት ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ የሃና ልጅ፣ ለትምህርቱ ቁልፍ ይሆናል ያልነውን ሙላት በዓይኑ አላየም። የሚያውቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ እነሱም ክፍል ውስጥ ተጋብዘው አያውቁም።

ፓሌርሞ በሚገኘው ጥንታዊ የግብፅ ድንጋይ ላይ የየዓመቱ ሙላት ከፍታ በክንድ ተለክቶ ተቀርጿል። እንግዲህ መምህሩ የቤት ሥራ ይስጥ፤ ልጁ ወደ አያቱ ይሂድና ውኃው በየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዛፍ እንደደረሰ ጠይቆ በደብተሩ ይጻፍ።