ትምባሆ፤ የቅጠሉ ስም ወይስ የማጨሻው?

በአማርኛ ጋያና ትምባሆ ተለይተው የታወቁ ሁለት ስሞች ናቸው። ጋያ ውኃ በያዘ ቅል ላይ የሸክላ ራስና ጢሱ የሚሳብበት ዘንግ የተተከለበት ማጨሻ ሲሆን፥ ትምባሆ በላዩ የሚነደው ቅጠል ነው። ትምባሆ የሚለው ቃል ግን በተወለደበት አገር የቅጠሉ ስም እንዳልነበረ የሚናገር የቆየ ምስክር አለ።

ምስክሩ እስፓኛዊው የታሪክ ጸሐፊ ጎንሳሎ ፈርናንዴስ ደ ኦቪዬዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1535 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የሂስፓኞላ ደሴት ተወላጆች ውስጡ ክፍት የሆነ ባላ እንጨት ይዘው፥ ሁለቱን ጫፍ በአፍንጫቸው አግብተው፥ አንዱን ወደሚጤሰው ቅጠል አቅርበው ጢሱን ይስቡ እንደ ነበር ይተርካል። «ታባኮ» የሚሉትም ይህንን መሣሪያ እንጂ ቅጠሉን እንዳይደለ አጥብቆ ያስገነዝባል። በዚያው ደሴት የኖረው መነኩሴ ባርቶሎሜ ደ ላስ ካሳስ ግን ቃሉን ለተጠቀለለው ደረቅ ቅጠል ይሰጠዋል፤ ጥቅሉንም ልጆች በጰራቅሊጦስ በዓል ከወረቀት ከሚሠሩት የመጫወቻ ጠመንጃ ጋር ያመሳስለዋል። ሁለቱ በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ስሙ የማጨሻው እንጂ በማሳ የበቀለው ተክል አልነበረም።

ከዐረብኛው «ጡባቅ»፥ ከአንድ የመድኃኒት ቅጠል ስም፥ የወጣ ነው የሚሉም አሉ። ይህ ስም ከ1492 በፊት በእስፓኝ የታወቀ ስለ ነበረ አሳቡ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ከድምፅ መመሳሰል ይልቅ በስፍራው የኖሩ ሰዎች ቃል ይበልጥ ይታመናል።

ወደ አማርኛ የደረሰበትን መንገድ ራሱ ቃሉ ይጠቁማል። ፖርቱጋሎች በ1541 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር፤ የእነርሱ «ታባኮ» ግን ከ«ባ» በፊት «ም» የለውም። የፋርሱ «ታንባኩ»ና የዐረቡ «ቱንባክ» ግን በዚያ ስፍራ «ን» አላቸው። ስለዚህ ቃሉ በምሥራቅ በኩል፥ በነጋድያን አፍ፥ እንደ ገባ መገመት ይቀላል።

ማጨሻው ግን ትምባሆን አልጠበቀም። በጣና አካባቢ ላሊበላ በሚባል ዋሻ (የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ላሊበላ አይደለም) የተገኙ የሸክላ ማጨሻ ራሶች ከ14ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ሆኑ ተገምቷል። ቫን ደር መርወ በ1975 ያሳተመው ኬሚካዊ ምርመራም የካናቢስ ቅሪት አግኝቶባቸዋል። በእርግጥ የዕቃው ዕድሜ ለቃሉ ዕድሜ አይመሰክርም፤ እነዚያን ራሶች ይጠቀሙ የነበሩ ሰዎች ጋያ ይበሏቸው ሌላ፥ ሸክላው አይናገርም።