ከመኪና በፊት በጋይንት ያለፈው መንኰራኵር

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚጓዝ የጭነት መኪና ነጂ፥ ጎማ ሲገዛ አስቀድሞ ቍጥሩን ይመለከታል። 7.50-16 የሚለው ጎማ ስፋቱ 7.50 ኢንች፥ የሚገባበት ቸርኬ ደግሞ 16 ኢንች ነው። ቸርኬው በአንድ ኢንች ቢለይ ጎማው አይገጥምም፤ ጎማው ለጭነቱ ቢያንስ ዳገቱ ላይ ይፈነዳል።

በጋይንት መንኰራኵርን ከጭነትና ከመንገድ ጋር ማስማማት ግን ከመኪና በፊት የመጣ ችግር ነው። በ1859 ዓ.ም. በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ስለ ነበር፥ በቅሎ ሊሸከመው የማይቻል ሆነ። ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስም በሠረገላ አስጫኑት። ሠረገላው በበቅሎ መንገድ ስለማያልፍ መንገዱ በሠረገላው ልክ ተቈረጠ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በዳገቱ በመቶ የሚቈጠር ሰው በገመድ ይጐትታል፤ በቍልቍለቱ ደግሞ ወደ ኋላ ይዞ ያወርዳል። በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፥ በጋይንት፥ በዋድላ፥ በጅዳና በደላንታ አልፈው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ቀላል ጭነት የያዘ ነጋዴ በጥቂት ቀን የሚጨርሰው መንገድ ስድስት ወር ፈጀ።

የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር መድፎቹን በዝሆን አስጭኖ ከባሕር መጣ። ዋድላ ሲደርስም ወደ ጅዳ የሚያወርደውን መንገድ ተሠርቶ አገኘው። ከዘመቻው ታሪክ ሁሉ እኛን እጅግ የሚያሳዝነን ይህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐረፉ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ ያለ መንኰራኵር መሬት ላይ ይገኛል።